የማሽተት ስሜት በሕክምናችን ተገቢ ቦታ ይሰጠው

ለተከበረው የጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ዓይንና ስለ ጆሮ ሕመሞች የምታወጧቸውን ጽሑፎች ዘወትር እከታተላለሁ። ስለ አፍንጫ ሲጻፍ ግን ነገሩ ከጉንፋንና ከሳይነስ አልፎ ወደ ማሽተት ሲዘልቅ እምብዛም አላየሁም። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ሽታ መለየት የተሳናቸው ሰዎች «ዓይንህ አልጠፋ፣ ምን ይጎዳሃል?» እየተባሉ ያለ ምክር ሲቀሩ መመልከቴ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ግድ ብሎኛል።

ለዚህ ቸልተኝነት አንዱ ምክንያት ሰው በማሽተት ደካማ ፍጡር ነው የሚለው የቆየ እምነት ይመስለኛል። እምነቱን ካስፋፉት አንዱ ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ሰውን ከ«ማያሸቱ» እንስሳት ጎራ የመደበው የአንጎላችንን ቅርጽ አይቶ እንጂ የማሽተት ችሎታችንን ለክቶ አልነበረም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ የካሊፎርኒያ ሙከራ ግን ዓይናቸውና ጆሯቸው የተሸፈነ ሰዎች በሣር ላይ የተዘረጋን የቸኮሌት ሽታ እየዳሁ እንዲከተሉ ተደርጎ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ያህሉ ፈለጉን ይዘው ዘልቀዋል።

አሜሪካውያኑ ሳይንቲስቶች ሊንዳ ባክና ሪቻርድ አክሰል እ.ኤ.አ. በ1991 የሽታ ተቀባዮችን (በአፍንጫ ውስጥ ሽታን የሚይዙትን ፕሮቲኖች) ዘረመሎች ማግኘታቸውን አሳወቁ፤ በ2004ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ እንደሚታወቀው ሰው 400 ያህል ዓይነት የሽታ ተቀባይ አለው። አንድ ተቀባይ ብዙ ኬሚካላዊ ውሁዶችን፣ አንድ ውሁድም ብዙ ተቀባዮችን ስለሚነካ፣ አንጎል ሽታን የሚለየው ከተቀሰቀሱት ተቀባዮች ጥምረት ነው፤ ከተቆላ ቡና የሚተኑት በመቶዎች የሚቆጠሩ ውሁዶች አንድ መዓዛ ሆነው የሚሰሙንም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጣዕም የምንለውም አብዛኛው የአፍንጫ ሥራ ነው። ምላስ ጣፋጩን፣ ጎምዛዛውን፣ ጨዋማውን፣ መራራውንና የሥጋ መረቅ ዓይነቱን ጣዕም ትለያለች፤ የቀረው ስናኝክ ከጉሮሮ ወደ አፍንጫ የሚወጣው ሽታ ነው። የበርበሬ ማቃጠል በሌላ ነርቭ የሚተላለፍ ስለሆነ፣ ማሽተት ያቃተው ሰው ወጡ እያቃጠለው ጣዕሙ ግን ይጠፋበታል። እንዲህ ያለው ሰው የምግብ ፍላጎቱ ቢቀንስ ወይም ቢተክዝ አያስገርምም። አደጋውም ከገበታ ያልፋል። የሲሊንደር ጋዝ በራሱ ሽታ ስለሌለው መፍሰሱ እንዲታወቅ ሆን ተብሎ ሜርካፕታን የተባለ ከፍተኛ ጠረን ያለው ውሁድ ይጨመርበታል፤ ይህ ጥንቃቄ ማሽተት ለማይችል ሰው ዋጋ የለውም።

አብዛኞቹ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት የኮሮና ቫይረስ በዋናነት የሚያጠቃው የሽታ ነርቮችን ራሳቸውን ሳይሆን የሚደግፏቸውን ሕዋሳት ነው። የሽታ ነርቮችም በዕድሜያችን ሙሉ የመታደስ ችሎታ ስላላቸው ተስፋ አለ። በጀርመን ድሬስደን ቶማስ ሁመልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ማሽተት የተሳናቸው ሰዎች የጽጌረዳ፣ የባሕር ዛፍ፣ የሎሚና የቅርንፉድ ሽታ ጠዋትና ማታ ለ12 ሳምንታት ሲለማመዱ ከፊሎቹ መሻሻል አሳይተዋል። ልምምዱ ሁሉንም ባይፈውስም ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው፤ ቅርንፉድና ሎሚ ከየገበያው፣ ባሕር ዛፍም ከየአጥሩ የሚገኝ አገር ውስጥ ሆነን ይህን የሚነግር ባለሙያ መታጣቱ ያሳዝናል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ጋብዞ፣ ልምምዱ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚከናወን እንዲያስረዳልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ከራስ ቅል ጉዳት በኋላ ወይም ያለ ጉንፋን ማሽተት ሲጠፋ ለምን ሳይዘገዩ መመርመር እንደሚያስፈልግ፣ በአረጋውያንም ላይ ይህ ችግር አንዳንድ ጊዜ የፓርኪንሰን በሽታ ቀዳሚ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ቢያብራራልን ብዙ ቤተሰብ ይጠቀማል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ