ለፊል ኬሰል፦ ከቶሮንቶ የዘገየ ምስጋና

ይድረስ ለፊል ኬሰል፣

ቦስተኖች ስታዲየሙን ሞልተው «እናመሰግናለን ኬሰል!» እያሉ ሲዘምሩብህ የነበረውን መቼም አትረሳውም። ምስጋና ሳይሆን ሽሙጥ ነበር። የበረዶ ሆኪ ክለባችን ቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ በመስከረም 2009 እ.ኤ.አ. አንተን ከቦስተን ብሩይንስ ለማምጣት ሁለት የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር የወጣቶች ምርጫ ሰጠ። ቦስተን በእነዚያ ምርጫዎች ታይለር ሴጊንንና ዱጊ ሃሚልተንን ወሰደ፤ ሴጊንም ገና በመጀመሪያ የውድድር ዘመኑ፣ በ2011፣ ስታንሊ ካፕን፣ የሊጉን ዋንጫ፣ አነሳ። ሰዉ እንዲህ ያለ ሲሳይ አግኝቶ እንዴት አይዘፍን!

የእኔ ምስጋና ግን ሽሙጥ የለበትም። ከቶሮንቶ ወደ ፒትስበርግ ከተላክህ ዓመታት ስላለፉ ዘግይቷል የሚል ካለ አልከራከርም፤ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ። ደግሞም የማመሰግነው አንተን ብቻ አይደለም። በአንተ ምክንያት ውለታ ያለብኝ ሰዎች አሉ፤ እግረ መንገዴን እነሱንም አነሳለሁ።

ይህን የሚያነቡ ወገኖቼ ብዙዎቹ የበረዶ ሆኪ አይከታተሉምና አንድ አፍታ ታገሰኝ። በሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ተጫዋች እንደ እግር ኳሱ በዝውውር ገንዘብ አይገዛም። ክለቦች ተጫዋች በተጫዋች ይለዋወጣሉ፤ ወይም በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶች ሲከፋፈሉ ያላቸውን የመምረጥ ተራ አሳልፈው ይሰጣሉ። ደካማ ክለብ ቀድሞ ስለሚመርጥ የወደፊት ተራን መስጠት ገና ያልተወለደ ጥጃ እንደ መሸጥ ነው፤ ወይፈን ይሁን ጊደር ማን ያውቃል? ተጫዋቹ በበኩሉ ውሉ ላይ የመከልከል መብት ካላስጻፈ በቀር ማታ የአንድ ከተማ ሰው ሆኖ ተኝቶ ጠዋት የሌላ ከተማ ሰው ሆኖ ሊነሳ ይችላል። ነጥብ የሚባለው ደግሞ ጎል ላገባም፣ ለጎል ላቀበለም ለእያንዳንዱ አንድ አንድ የሚያዝ ነው። ለዛሬ ይህ ይበቃል።

መጀመሪያ የማመሰግንህ ለዚያ ምትህ ነው። በቀኝ ክንፍ ትመጣለህ። ሰውነትህን ያየ ሰው ፈጣን ነው ብሎ አይጠረጥርም፤ ጎበጥ፣ ድብልብል ያልክ ነህ፤ ፊትህ ላይም የተለየ ነገር አይነበብም። ተከላካዩ ግን ማፈግፈግ ከጀመረ አለቀለት። ሌላው አጥቂ ሊመታ ሲል እርምጃውን ይገታል፣ ዱላውን ወደ ኋላ ይስባል፣ በረኛውም ያንን አይቶ ይዘጋጃል። አንተ አትገታም። ዱላህ ከብዙዎቹ ይልቅ የሚተጣጠፍ ስለሆነ፣ በሙሉ ፍጥነት እየተንሸራተትክ በእጅ አንጓህ ብቻ ታስወነጭፈዋለህ። ፓኩ፣ በኳስ ፈንታ የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ፣ በተከላካዩ እግሮች መሃል ሾልኮ ሲያልፍ በረኛው የሚያየው ዘግይቶ ነው። አንዳንዴማ እኛም በቴሌቪዥን አናየውም ነበር፤ መረቡ ሲርገበገብና ቀዩ መብራት ሲበራ ነው ጎል መሆኑን የምናውቀው።

ይህን እንዴት ማየት እንዳለብኝ ያስተማረኝ በሌሊት ፈረቃ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሽማግሌ ካናዳዊ ነው። ዕድሜ ልኩን ሊፍስን የደገፈ፣ ማለትም ዕድሜ ልኩን የተበሳጨ ሰው። ኦፍሳይድ እዚህ ከእግር ኳሱ እንደሚለይ፣ አጥቂው ሰማያዊውን መስመር ከፓኩ ቀድሞ ማለፍ እንደሌለበት፣ በእረፍት ሰዓታችን የሻይ ማንኪያና የስኳር ከረጢት ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ አስረዳኝ። «ፓኩን ትተህ የኬሰልን እጅ ተመልከት» ያለኝም እሱ ነው። ጋሼ ብዬ ብጠራው ትርጉሙ ባይገባውም ደስ ይለው ነበር። ባለህበት ምስጋናዬ ይድረስህ፣ ጋሼ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ፊል፣ አንተ አንድ ወር እሳት ነህ፣ በሚቀጥለው ወር የለህም። በሁለት ጨዋታ አራት ጎል ታገባና ሳምንታት ሙሉ መረቡን አታገኘውም። በ2011–12 37 ጎልና 82 ነጥብ፣ በ2013–14 ደግሞ 37 ጎልና 80 ነጥብ አስመዘገብክ፤ በዓመት ድምር ሲታይ ኮከብ ነህ። ደጋፊ ግን ዓመትን አያይም፣ የዛሬን ማታ ነው የሚያየው። የመከላከል ፍላጎትህም ያን ያህል አልነበረም፤ ይህን ስል ላስቀይምህ አይደለም፣ ሁሉም ያውቀዋል። እንደ ድመት ተጎትቶ ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው ነበርክ። ካሜራና ማይክሮፎንም አትወድም። ቶሮንቶን በሚያህል የሆኪ ከተማ ጋዜጠኛ የማይወድ ኮከብ መሆን መከራ ነው። አንድ አምደኛ በየቀኑ ከመንገድ ዳር ሆት ዶግ እየገዛህ ትበላለህ ብሎ እስከ መጻፍ ደረሰ። በኋላ በፒትስበርግ ዋንጫ አንስተህ፣ ዋንጫውን በሆት ዶግ ሞልተህ ጎልፍ ሜዳ ላይ የተነሳኸው ፎቶ ሲወጣ ምን ያህል እንደሳቅን ባየህ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። መልስ ማለት እንዲህ ነው።

በ2011ዱ የኮከቦች ጨዋታ ሁለቱ አምበሎች ቡድናቸውን ተራ በተራ ሲመርጡ በመጨረሻ የቀረኸው አንተ ነበርክ። ብቻህን ወንበር ላይ ተቀምጠህ የዋሽንግተኑ ኮከብ ኦቬችኪን በስልኩ ፎቶ ሲያነሳህ አይተናል። መኪናና ለበጎ አድራጎት 20,000 ዶላር ቢሰጥህም እኛ ቤት ያን ቀን የሳቀ አልነበረም። የልጃችን ነገር ሆኖብን ይመስለኛል።

ስለ ግንቦት 13 ቀን 2013 ብዙ አልልም። በቦስተን ሜዳ፣ የሊጉ ጥሎ ማለፍ (ፕሌይኦፍ) ሰባተኛና ወሳኝ ጨዋታ፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ አንተ አግብተህ 3 ለ 1 መራን፤ የቡድን አጋርህ ካድሪ ጨምሮ 4 ለ 1 አደረገው። ከዚያ የሆነውን ሀገር ያውቃል። በተጨማሪ ሰዓት 5 ለ 4 ተሸነፍን። ያን ሌሊት እዚህ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ያለው ምግብ ቤት ዝም ብሎ ነበር፤ የቤቱ ባለቤት እትዬ ናት ቡና አፍልታ «በቃ ተነሱ፣ ሰው የሞተ አስመሰላችሁት» ያለችን። ቴሌቪዥኑን ከእግር ኳስ ድጋሚ ስርጭት ላይ ቀይራ ሊፍስን ስለከፈተችልን ዓመታት ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። የአርሰናል ደጋፊዎች ስንት ጊዜ እንዳኮረፉባት እኔ ምስክር ነኝ።

ሐምሌ 1 ቀን 2015፣ የካናዳ ቀን፣ ከተማው ሁሉ ለበዓል ወጥቶ ሳለ ወደ ፒትስበርግ ፔንግዊንስ መላክህ ተሰማ። በዋናነት ካስፔሪ ካፓነን የሚባል ወጣት፣ ሁለት ሌሎች ተጫዋቾችና የምርጫ ተራዎች መጡልን። ክለቡ ከደሞዝህ በዓመት 1.2 ሚሊዮን ዶላር እየከፈለ ሊቀጥልም ተስማማ፤ ውልህ በ2022 እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ቤት የሚያድር ሰው ቀለብ ስንሰፍር ኖርን ማለት ነው። ብዙ ሰው ያን ቀን በዋጋው ተናደደ። እኔ ግን ክለቡንም አመሰግናለሁ። የመጣው የአንደኛ ዙር ተራ በ2016 ተመልሶ ተሸጠና በረኛው ፍሬድሪክ አንደርሰን መጣበት፤ ካፓነንም በ2017 ዋሽንግተንን በሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት የረታ ጎል አገባልን። አንተ የሌለህበት ቡድን በሚቀጥለው ዓመት የሊጉ መጨረሻ ሆነ፤ መጨረሻ በመሆኑ ሰፊ ዕድል አግኝቶ ዕጣው ወጣለትና ኦስተን ማቲውስን በአንደኛነት መረጠ። በነገራችን ላይ ካፓነን ራሱ በ2020 ወደ ፒትስበርግ ተመልሶ ተላከ። ሆኪ እንዲህ ነው፣ ዞሮ ዞሮ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን ፒትስበርግን ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

በቶሮንቶ የመጨረሻ ዓመትህ 25 ጎልና 61 ነጥብ ነበረህ፤ ከተማው አላስቀመጠህም። በፒትስበርግ የመጀመሪያ ዓመትህ 26 ጎልና 59 ነጥብ አስመዘገብክ። አንድ ጎል ጨመርክ፣ ሁለት ነጥብ ቀነስክ፤ ያው ሰውዬ፣ ያው ቁጥር። ልዩነቱ ከፊትህ የክለቡ ኮከቦች ክሮዝቢና ማልኪን መኖራቸው ነው። የተጋጣሚ ምርጥ ተከላካዮች እነሱን ሲያሳድዱ አንተን ከኒክ ቦኒኖና ከካርል ሃጌሊን ጋር አጣመሩህ። ቦኒኖ ፓኩን ይጠብቃል፣ ሃጌሊን ይሮጣል፣ አንተ ትመታለህ። ማንም ቡድን በሦስተኛው መስመርህ (አብረው በሚሰለፉት ሦስት አጥቂዎች) ላይ አንደኛ ተከላካዮቹን ሊያባክን አይችልም። በግንቦት 2016 ዋሽንግተንን በስድስተኛው ጨዋታ 4 ለ 3 ስታሰናብቱ አራቱንም ጎል ያገባችሁት እናንተ ሦስታችሁ ናችሁ፤ አንተ ሁለቱን፣ ሃጌሊን አንዱን፣ ቦኒኖ ደግሞ የተጨማሪ ሰዓቱን። በዚያ ፕሌይኦፍ በ24 ጨዋታ 10 ጎልና 22 ነጥብ ይዘህ ቡድኑን መራህ፣ ዋንጫውም ተነሳ። የፕሌይኦፉ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ለክሮዝቢ ተሰጠ፤ እኔ ብሆን ላንተ ነበር የምሰጠው። በቀጣዩ ዓመትም በ25 ጨዋታ 23 ነጥብ ይዘህ ዋንጫው ተደገመ።

ቶሮንቶ የቤቱን ምሰሶ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ልትጭን ፈለገች። ፒትስበርግ ሰውየው የሚችለውን ጠየቀው። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ሌላውን ሁሉ ወሬ ይውሰደው።

ወጥነት የለውም ስለሚሉህ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያ የሊፍስ ጨዋታህን ትከሻህን ከተቀደድክ በኋላ አገግመህ ኅዳር 3 ቀን 2009 ነው የተጫወትከው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቶሮንቶ 446 የመደበኛ ውድድር ጨዋታ አንድም ሳታጓድል ተሰለፍክ። በፒትስበርግም፣ በአሪዞናም፣ በቬጋስም አልቀረህም። ጥቅምት 25 ቀን 2022 በሳን ሆሴ ሜዳ 990ኛ ተከታታይ ጨዋታህን አድርገህ የኪት ያንድልን ክብረ ወሰን ሰበርክ፤ በዚያው ማታ 400ኛ ጎልህን አገባህ። ቆጠራው 1,064 ላይ ደረሰ። ሆኪ እኮ ጥርስ የሚወልቅበት ጨዋታ ነው! ሰነፍ የተባለው ሰው በኤንኤችኤል ታሪክ ከሥራ ያልቀረ አንደኛ ሆነ፤ ቆጠራውም የተጀመረው በእኛ ሰማያዊ ማሊያ ነው። በሌሊት ፈረቃ ለሚተዳደር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጎሉ መጣም አልመጣም ሰዓትህን ጠብቀህ ትገባ ነበር።

ለታይለር ቦዛክና ለጄምስ ቫን ሪምስዳይክም ምስጋናዬ ይድረስ፤ አብረውህ ለተሰለፉት፣ በተለይ ቦዛክ፣ ሁሉም ባንተ ላይ ሲዘምት ጓደኝነቱን ያልሸሸገው። እሱም በ2019 ከሴንት ሉዊስ ጋር ዋንጫ ሲያነሳ እሰይ ብለናል። ለቬጋስ ጎልደን ናይትስም እንዲሁ፤ በ2023 ሦስተኛውን አስጨመሩልህ።

የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ 2016 ክረምት ነው። ዋንጫ ያነሳ ተጫዋች ዋንጫውን ለአንድ ቀን ይወስዳል፤ ወደ ትውልድ ከተማው፣ ወደ ቤተሰቡ። አንተ የማዲሰን፣ ዊስኮንሲን ልጅ ነህ። ግን ዋንጫውን ቶሮንቶ ወዳለው የሕፃናት ሆስፒታል፣ ወደ ሲክኪድስ ይዘኸው መጣህ። ብዙ ሰው ገርሞት ነበር፤ የዚህ ከተማ ነገር መሮሃል ብሎ ያሰበው ብዙ ነውና። የ19 ዓመት ልጅ ሳለህ፣ በታኅሣሥ 2006፣ ካንሰር ተገኝቶብህ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገልህና ከወር ገደማ በኋላ ወደ በረዶው እንደተመለስክ የሚያውቅ ግን ብዙም አይገርመውም። በዚያው የውድድር ዘመን የጽናት ሽልማት የሆነውን የቢል ማስተርተን ዋንጫ ሰጥተውሃል። ስለ ሕመምህ ብዙ ስታወራ ሰምቼ አላውቅም። ሆስፒታል ገብተህ ዋንጫውን ልጆቹ እንዲነኩት አደረግክ፣ ሄድክ። ከዚህች ከተማ ወላጆች አንዱ እንደመሆኔ፣ ያልከፈልነውን ነገር ስለሰጠኸን እግዚአብሔር ይስጥልን።

ወደ ቶሮንቶ ብቅ ካልክ ዳንፎርዝ ላይ እኛን ማጣት አይቻልም። ጨዋታ ባለበት ማታ ና፤ ቡናው በእኛ ነው፣ ማይክሮፎን የሚደቅንብህም የለም።

አክባሪህ፣
ከዳንፎርዝ አንድ የሊፍስ ደጋፊ