ደረሰኙ ሊትሩን ያውቃል፣ ውሃውን ግን አያውቅም፦ ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

ከጅቡቲ ወደብ ጭነት እያነሳሁ መሀል አገር ማመላለስ ከጀመርኩ 19 ዓመት አልፎኛል። እስከ ዛሬ ስለ ነዳጅ ለመንግሥት ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ስለ ዋጋው ሌሎች ይጽፋሉ፣ ስለ ሰልፉም እንደዚሁ። እኔ የምጽፍላችሁ ተሰልፌ፣ ከፍዬ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ ስለቀዳሁት ናፍጣ ነው።

ባለፈው ግንቦት 400 ኩንታል ማዳበሪያ ጭኜ ወደ ኮምቦልቻ ስመጣ አፋር ውስጥ ካለ አንድ ማደያ 300 ሊትር ቀዳሁ። የማደያውን ስም አላነሳም፤ የማላነሳበትን ምክንያት ቆይታችሁ ታገኙታላችሁ። ሚሌን አልፌ ባቲ እስክደርስ መኪናው ምንም አላለም። ዕለቱ ሰኞ ስለነበር ገበያተኛው ግመሉን እየነዳ መንገዱን ሞልቶታል፤ ቀስ ብዬ አለፍኩ። ከባቲ በላይ ዳገቱ ሲጀምር ግን ሞተሩ ጉልበት አጣ። ማርሽ ቀነስኩ። ትንሽ ተንተፋተፈና ጠፋ። ረዳቴ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ፣ ቅጠል ቆርጦ ከኋላችን መንገዱ ላይ አስቀመጠ። ጭነት ይዞ ዳገት ላይ የቆመ ሰው ሐሳቡ ሁሉ አንድ ነው፦ ከኩርባው የሚወጣው ሾፌር ቅጠሉን ያየው ይሆን?

ከውሃ መለያው ሥር ያለችውን ብሎን አላልቼ የሚወርደውን በሃይላንድ ተቀበልኩት። ትንሽ ሲረጋ ከታች ግማሽ ድረስ ውሃ፣ ከላይ ናፍጣ፣ መካከላቸው ላይ ደግሞ አተላ የመሰለ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ታየ። ፊልትሮውን ስፈታው ወረቀቱ በዚያው አተላ ተለስኗል። ሁልጊዜ ሁለት መለዋወጫ ፊልትሮ እይዛለሁ፤ አንዱን ቀየርኩ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ እሱም ተደፈነ። ሁለተኛው እስከ ዳገቱ አናት እንኳ አላደረሰኝም። ሁለት ሌሊት እዚያው አደርን። ኮምቦልቻ ስገባ መካኒኩ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ከሚረጩት ስድስት ኢንጀክተሮች አራቱ ተበልተዋል አለኝ፤ የሦስት ምልልስ ትርፌ እዚያ ጋራዥ ቀረ። ማዳበሪያው ለገበሬው ዘግይቶ መድረሱን ሳትቆጥሩ ነው።

በመልሱ ጉዞ ማደያው ጎራ ብዬ ለኃላፊው ሃይላንዱን አሳየሁት። በትህትና አናገረኝ፣ ሻይም ጋበዘኝ። ከዚያ «ወንድሜ፣ የቆሸሸው የመኪናህ የነዳጅ ታንከር ቢሆንስ?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር የምመልስለት አልነበረኝም። እኛም ንጹሕ አይደለንም። ታንከራችንን በስንት ዓመት አንዴ ነው የምናጥበው? ግማሽ ታንከር ይዘን አፋር ሐሩር ላይ ውለን ደጋ ወጥተን ስናድር፣ ባዶው ቦታ ላይ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ላቡ በግድግዳው ወርዶ ከታች ይጠራቀማል። ይህን እያወቅን ማታ ማታ ሞልቶ የማደር ልምድ የለንም። አንዳንዱ ደግሞ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ገዝቶ ያስገባል፤ ሲቆምበት ግን የሚሳደበው የመጨረሻውን ማደያ ነው። ስለዚህ ሰውዬው ሊዋሽም፣ ልክ ሊሆንም ይችላል። እኔ ዘንድ ያለው ጥርጣሬ ነው፣ እሱም ዘንድ ያለው ጥርጣሬ ነው። ስሙን ያልጻፍኩት ለዚህ ነው።

አባቴ ኤንትሬ ፊያት ይነዳ ነበር። ያ መኪና ናፍጣው ትንሽ ቢቆሽሽ ጭሱን እየተፋ ይሄድ ነበር። የዛሬዎቹ እንደዚያ አይችሉም። አዲሱ ሞተር ናፍጣውን ከ1,600 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጨው፤ ፊልትሮው ደግሞ ከጥቂት ማይክሮን የሚበልጥ ቆሻሻ አያሳልፍም፣ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ መሆኑን አስቡት። በዚህ ግፊት ውሃ ከገባ የኢንጀክተሩን ጫፍ ይበላዋል። ከውሃውና ከናፍጣው ድንበር ላይ ደግሞ ተህዋስያን ይራባሉ። ያ ጥቁር አተላ የእነሱ ሥራ ይመስለኛል፤ ውሃና ሙቀት ካገኙ ሌላ የሚፈልጉት የለም። አፋር ሁለተኛው ሞልቷል፣ የመጀመሪያውን የምንሰጣቸው እኛ ነን።

እግረ መንገዴን ስለ ላምባ፣ ማለትም ስለ ነጭ ጋዝ፣ አንድ ነገር ልበል። ሾፌር ፊልትሮው በተደፈነ ቁጥር «ላምባ ቀላቅለውበት ነው» ይላል። ነጭ ጋዝ ከናፍጣ ርካሽ በነበረበት ዘመን መቀላቀሉ እንደነበር የምናውቀው ነው። ነገር ግን ላምባ ፊልትሮ አይደፍንም፣ አልፎ ይሄዳል። የሚጎዳው ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው፤ ቅባትነቱ ትንሽ ስለሆነ ፖምፓውን ቀስ በቀስ ይፈጨዋል። ስለዚህ የሁለቱ በሽታ የተለያየ ነው፣ መርማሪ ብትልኩ አንዱን ሲፈልግ ሌላው እንዳያመልጠው።

ወደ ማደያው ልመለስ። ቦቴ መጥቶ ከመሬት በታች ወዳለው ታንክ ሲያራግፍ፣ ሥሩ ላይ የተኛው ውሃና ደለል ሁሉ ይናወጣል። ለተወሰነ ሰዓት ካልረጋ በቀር በዚያ ሰዓት የሚቀዳ ሰው የሚቀዳው የታንኩን ሥር ነው። እኛ ግን ቦቴ ሲገባ ስናይ ደስ ብሎን ነው የምንሰለፈው፤ ቀጂውም ቦቴው ሳይጨርስ መቅዳት ይጀምራል። ሰልፉ እንደዚያ ረዝሞ ቆዩ ቢል ማን ይሰማዋል? ይህን የማስቆም አቅም ያለው ሕግ ብቻ ነው፣ ቀጂው አይደለም። ክረምት ሲሆን ደግሞ ክዳኑ በደንብ ያልገጠመ ታንክ ጎርፍ ይገባበታል። ይህን ለማወቅ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም፦ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባት በመለኪያው ዘንግ ጫፍ ቀብቶ ማስገባት ነው። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ጠዋት ጠዋትና ከእያንዳንዱ ርክክብ በኋላ ተለክቶ ውጤቱ ሾፌሩ በሚያየው ሰሌዳ ላይ ቢጻፍ እኔ ደስተኛ ነኝ።

ዋናው ጥያቄዬ ግን ይህ አይደለም። ዛሬ ነዳጅ የምንቀዳው በቴሌብር ከፍለን ነው። የትኛው ሰሌዳ ቁጥር፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ማደያ፣ ስንት ሊትር እንደቀዳ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ናፍጣው ምን እንደነበር ግን ከተቃጠለ በኋላ የሚያውቅ የለም። እናንተን የምለምነው ለናፍጣውም እንደ ገንዘቡ ዱካ እንድታስቀምጡለት ነው። ቦቴው ከማራገፉ በፊት ከሥሩ አንድ ሊትር ናሙና ይቀዳ። የቦቴው ሾፌርና የማደያው ሰው ይፈርሙበት፣ ይታሸግ፣ ከፀሐይ ርቆ ለአንድ ወር ይቀመጥ። ካራገፈና ከረጋ በኋላ ከማደያው ታንክ ሁለተኛ ይቀዳ። ከዚያ እኔ ባቲ ላይ ስቆም የክፍያዬ ሰዓት የትኛው ናሙና እንደሚፈታ ይናገራል። ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ታንከሬን አጥባለሁ፣ ኪሣራዬን እችላለሁ። የቦቴው ንጹሕ ሆኖ የማደያው ከቆሸሸ ማደያው ይጠየቅ። የቦቴው ራሱ ውሃ ካለበት ደግሞ የማደያውም ባለቤት እንደ እኔ ተበዳይ ነው፤ ዛሬ የሚከራከርበት ነገር የለውም። እንግዲህ ይህ ማደያዎቹን የሚያስከፋ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ያ ሻይ የጋበዘኝ ሰውዬ ስለ ናሙናው ሳነሳለት «እሱማ ቢኖር እኔም አርፍ ነበር» ነው ያለኝ።

ያቺ ሃይላንድ አሁንም ጋቢናዬ ውስጥ፣ ከመቀመጫዬ ኋላ አለች። አተላው ይበልጥ ጠቁሯል፣ ውሃው ግን እዚያው ነው። ከራሴ ታንከር ራሴ የቀዳሁት ስለሆነ በማንም ላይ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። ሆኖም ውስጧ ያለው ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ቤተ ሙከራ ካለ፣ የት እንደሆነና ስንት እንደሚያስከፍል ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ምልልስ አዲስ አበባ ስገባ ራሴ ይዣት እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና አሽከርካሪ