የሳይንስ ክበብ፦ በቁርጥራጭ ጨርቅ ያለፈ ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን ሥራ የጀመረው በልመና ነው። የጠየቅነው የቤተ ሙከራ ዕቃ ሳይመጣ ኅዳር ገባ። ሁለት ልጆች አስከትዬ እዚሁ ሐረር መኪና ግርግር ወረድኩ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ እዚያ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሞልቷል። ልብስ ሰፊዎቹ አንድ ፌስታል ሙሉ ሰጡን። "ለዓይን ሙከራ ነው" ስንላቸው ሳቁብን።

ሙከራው እንዲህ ነው። ቁርጥራጩን ካርቶን ላይ እንለጥፋለን። አንዱ ይፈልጋል፣ ሌላው በስልኬ ሰዓት ይይዛል። በሰማያዊ መሃል ያለች አንዲት ቀይ ወዲያው ዓይን ውስጥ ትገባለች። ሰማያዊውን ብናበዛውም ለውጥ የለም። ቀጥሎ ሁለት ሁለት ቀለም ጎን ለጎን ሰፋን። የሚፈለገው ቀይና አረንጓዴ ነው፤ ዙሪያውን ቀይና ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ከቦታል። እዚህ ላይ ጉድ ፈላ። አፍንጫቸው ሥር ተቀምጦ "የለም እኮ ቲቸር!" ይላሉ። ቁርጥራጩ በበዛ ቁጥር ፍለጋውም ይረዝማል። ከነጭራሹ ሳናስገባው ስንቀር ደግሞ ይብሳል፤ ሁሉንም ሳያይ ማን ደፍሮ "የለም" ይላል?

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አን ትሪስማንና ጌሪ ጌላድ በፈረንጆቹ 1980 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ነጠላ ቀለም ትኩረት ሳይጠይቅ እንደሚለይ፣ ባሕርያትን ማጣመር ግን ትኩረትን በየተራ ወደ እያንዳንዱ ነገር መውሰድ እንደሚፈልግ አስረድተዋል። ይህን ለልጆቹ በኩራት አስተማርኩ።

በሳምንቱ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ትምህርቴን አፈረሰችብኝ። ጨርቆቹን ጎን ለጎን መስፋት ሰልችቷት ኖሮ፣ በቀዩ ጨርቅ ላይ አረንጓዴ ቁልፍ ተክላ መጣች። ሌሎቹንም እንዲሁ በቁልፍ ሠርታቸዋለች። ያው ሁለት ቀለም ነው፤ ልጆቹ ግን ቶሎ ቶሎ አገኙት። ሰዓት ያዡ ተሳስቷል ብዬ ሦስት ጊዜ አስደገምኩ። ያው ሆነ።

ቤቴ ገብቼ ሳነብ፣ ለካ የእይታ ተመራማሪው ጄረሚ ዎልፍና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 1994 ይህንኑ ጽፈውታል። አንዱ ቀለም የሙሉው ነገር፣ ሌላው የአካሉ ቁራጭ ሲሆን ፍለጋው ይቀላል፤ ቢጫ መስኮት ያለውን ቀይ ቤት እንደ መፈለግ። የሚያስቸግረው ሁለቱም ቀለሞች እኩል ክፍል ሲይዙ ነው። በማግስቱ ለልጅቷ ነገርኳት። "እኔማ መርፌው ደክሞኝ ነው" አለችኝ።

የወላጆች ቀን ኤግዚቢሽናችን ጥሩ ነበር፤ ብዙ አልተርክም። አንድ ዕዳ ግን ቀርቶብናል። ቁልፎቹ የተወሰዱት ሳይጠየቅ ከእናቷ ሣጥን ነው፤ እናትየው ካርቶኑ ላይ አይተው አወቋቸው። በመስከረም ክበቡ ይተካላቸዋል።