ስለ ጥቅምትና ኅዳር የማታ ንባብ፦ ለ1ኛ እና ለ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች

ጎንደር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ልጆቻችሁ በየሳምንቱ አንድ ቀጭን የተረት መጽሐፍ በቦርሳቸው ይዘው ይመጣሉ። ታሪኮቹ ትንሽ ያስፈራሉ። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ፊደል ለይቶ ቃል መግጠም የጀመረ ልጅ «ላም ሣር በላች» የሚለውን ጨርሶ ቀጥሎ ስለሚመጣው ነገር አይጓጓም። በሩ ሲጢጥ ብሎ ማን እንደገባ ካላወቀ ግን ገጹን ለመግለጥ ሲል ከፊደሉ ጋር ይታገላል። ወቅቱም ያግዛል፤ ዝናቡ አባርቷል፣ ማታው በርዷል፣ ነፋሱ የቆርቆሮ ጣሪያ ያንቀጫቅጫል።

መጽሐፉ አንድ ኤ4 ወረቀት ሁለት ጊዜ ታጥፎና ጠርዙ ተቆርጦ የሚገኝ ስምንት ገጽ ነው። እቤት ለመሥራት ለምትፈልጉ አሠራሩን እንንገራችሁ። በየገጹ ከሁለት እስከ አምስት ቃል ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጻፋል፤ የአንደኛ ክፍሉ ታሪክ በጠቅላላው ከአርባ ቃል አይበልጥም። ለምሳሌ፦ «ማታ ነው። ነፋስ ነፈሰ። በሩ ሲጢጥ አለ። ጥላ መጣ። ማን ነው? ማን ነው?» ይህ አምስት ገጽ ነው። ስድስተኛው ላይ «ድመት ናት!»፣ ሰባተኛው ላይ «አይጥ ፈልጋ መጣች።» ይላል። ስምንተኛው ልጁ የሚሥልበት ባዶ ገጽ ነው። ጥያቄው አምስተኛው ገጽ ላይ የዋለው በምክንያት ነው። አራትና አምስት ጎን ለጎን ስለሚታዩ መልሱ አምስት ላይ ከተጻፈ ልጁ ጥያቄውን ሳያነብ ድመቷን ያያታል። መልሱ ሁልጊዜ ገጹ ሲገለጥ ከጀርባ መገኘት አለበት።

የሚያስፈራው ነገር መጨረሻ ላይ ልጁ በዓይኑ ያየው ነገር ሆኖ መገኘት አለበት፦ ድመት፣ የተሰቀለ ጋቢ፣ ማሽላ ውስጥ ወፍ ለማባረር የቆመ አሮጌ ኮት፣ በፋሲል ግቢ ባዶው የአንበሳ ቤት ውስጥ የገባ ፍየል። ቡዳ፣ ዛር፣ ሰይጣንና ልጅ የሚበላ ጭራቅ አላስገባንም። እነዚህን ገልጦ «ይኸው፣ ይህ ነበር» ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ ፍርሃቱ ከመጽሐፉ ጋር አይዘጋም። ስለ መናፍስት የሚነገረውንም ለየቤተሰቡ እምነት ትተነዋል። ከኅዳር 12 በፊት የሚላከው ታሪክ ስለ ጭስ ነው፤ ሰፈሩ በጭስ ተሸፍኖ አንድ ትልቅ ጥላ ይመጣል፣ ሲጠጋ አያት ሆነው ይገኛሉ። ኅዳር ሲታጠን ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር የሚያያዝ መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ። ልጁ ከጠየቀ «ቆሻሻ ተቃጥሎ ሰፈር ይጸዳል» ማለት ለዚህ ዕድሜ ይበቃዋል፤ የሞቱን ታሪክ ከፍ ሲል ይሰማዋል።

ከድምፆቹ አንድ ነገር ስትታዘቡ እንዳይገርማችሁ። በእኛ ቋንቋ የሚያስፈሩት ድምፆች ብዙዎቹ በኳ፣ በቋ፣ በጓ ይጻፋሉ። የአንደኛ ክፍል ልጆች ግን እነዚህን ዲቃላ ፊደላት ገና አልደረሱባቸውም። «ኳ ኳ» ብንጽፍ ታሪኩ በሚጦዝበት ቦታ ላይ ልጁ ይቆማል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት በር ሲጢጥ ይላል፣ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። የሚያንኳኳ ሰው የሚመጣው ከገና በኋላ ነው።

ሲያነቡ የሚሳሳቱባቸውን ቦታዎች ከወዲሁ ብታውቋቸው ይጠቅማል። ደ እና ጀ፣ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ሰ እና ሸ የሚለያዩት ከላይ ባለች ትንሽ ጭረት ነው። መብራት ሲጠፋ በኩራዝ ወይም በስልክ መብራት ካነበቡ ጭረቷ ትጠፋና ጅቡ ድብ ይሆናል። ድባብ ለመፍጠር ብላችሁ መብራት አታጥፉ፤ መጽሐፉን ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት በመስኮት ብርሃን ማንበብ ይሻላል። ሁለተኛው ችግር መጥበቅና መላላት በጽሑፍ አለመታየቱ ነው። «ጅብ አለ» ላልቶ ከተነበበ ጅቡ ተናገረ፣ ጠብቆ ከተነበበ ጅብ እዚህ አለ ማለት ነው። ልጁ አላልቶ ካነበበው «ጅቡ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁትና መልሱን ከገጹ ይፈልግ፤ ሲያጣው ራሱ ያስተካክለዋል።

የንባቡ ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። መጀመሪያ እናንተ ጣታችሁን ከቃሉ በታች እያስኬዳችሁ አንብቡ፣ ቀጥሎ አብራችሁ፣ በሦስተኛው ልጁ ብቻውን። ከአሥር ቃል ከአንድ በላይ ከተሳሳተ መጽሐፉ ከብዶታል፤ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፉልንና ቀለል ያለ እንልካለን። በሁለተኛው ቀን እየተንተባተበ የነበረው ልጅ ድንገት እንደ ውኃ ካንበለበለው በቃሉ ይዞት ሊሆን ይችላል። ሥዕሉን በእጃችሁ ሸፍኑና ከመካከል አንድ ቃል አሳዩት፤ ወይም ከመጨረሻው ገጽ ወደኋላ ያንብብ።

ታሪኩን ለሁለት ማታ አትክፈሉት። «ማን ነው?» ላይ አቁሞ የተኛ ልጅ መልሱን በሕልሙ ይሠራዋል፣ ያ ደግሞ ከድመት የባሰ ነው። ስድስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ «ዋ!» ብሎ መያዝም ይቅር፤ ታላቅ ወንድምና እኅት ይህን ስለሚወዱ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ከሁሉ የሚያበላሸው ግን በቀን «ዝም ካላልክ ለጅብ እሰጥሃለሁ» ማለት ነው። አያ ጅቦ መቅጫ ከሆነ ማታ መጽሐፉ ውስጥ ሲመጣ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል፤ ልጁም መጽሐፉን መደበቅ ይጀምራል። ልጃችሁ ቀድሞም በጣም የሚፈራ ከሆነ ስድስተኛውን ገጽ በመጀመሪያ አሳዩትና ከዚያ ከመጀመሪያው አንብቡ። መልሱን አውቆም ቢሆን ደስ ብሎት ያነባል።

መጽሐፉ ሐሙስ ጠዋት ይመለስ። ስምንተኛው ገጽ ላይ የሣለውን አትደምስሱ፤ ዓርብ ክፍል ውስጥ ይለጠፋል። ማንበብ የማትችሉ ወላጆች ደግሞ ልጁ ሲያነብ አጠገቡ ተቀምጣችሁ «ማን ነው?» የሚለውን አብራችሁት በሉ። ታላላቆቹ ፊደሉን ያርሙታል።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር