ፋይልሽን ይዘሽ ሂጂ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ እንደምታውቂው ነው፣ ጦሳ ተራራ ሰሞኑን ከጉም አልወጣም። እናትሽ ጋቢ ልላክላት ብትል ኮምቦልቻ ምን ብርድ አለና ብዬ አስተውኳት።

ለእህትሽ በስልክ ያልሻትን ሰማሁ። የድንገተኛ ሕክምና ልማር ብለሽ ተነስተሽ፣ «እኔ እኮ ተከስሼ የተቀጣሁ ነኝ፣ ማን ይቀበለኛል» ብለሽ ተውሽው አሉ። ለእኔ ያልነገርሽኝ አፍረሽ መሆን አለበት። በስልክ ባነሳው አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እጮሃለሁ። ስለዚህ ብጽፍልሽ ይሻላል ብዬ ነው።

እናትዋ፣ ነገሩን በልኩ እንየው። በቧንቧ ተራ ከጎረቤትሽ ተጣላሽ፣ በጥፊ አልሻት፣ ከሰሰችሽ፣ ተፈርዶብሽ መቀጮ ከፈልሽ። ሕጉ ይህን የእጅ እልፊት ይለዋል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሰንበርና እብጠት፣ ቶሎ የሚያልፍ ሕመምም የአካል ጉዳት ተብሎ አይቆጠርም። ጥፊው ደግ ነበር አላልኩም። ግን ዳኛው መቀጮ ብሎ የተወውን አንቺ ዕድሜ ልክ አድርገሽ በራስሽ ላይ ፈርደሻል።

አጎትሽ «ዝም ትበል፣ ማን ያውቃል» ይላል። አጎትሽ ስለ ሱቁ ግብርም እንዲሁ ነበር የሚለው፣ መጨረሻውን አይተናል። ቅጹ ላይ «ተፈርዶብዎት ያውቃል?» የሚል ካለ አዎ ብለሽ ሙዪ። ከወንጀል ነጻ ማስረጃ አምጪ ተብለሽ አሻራ ስትሰጪ ሊወጣ ይችላል፣ በአሻራ ባይወጣ በሰው አፍ ይወጣል። ጥፊን የሚያልፍ አሠሪ ውሸትን አያልፍም። ራሱን የሳተ ሰው ኪስ፣ የሴት ወርቅ፣ የልጅ ስልክ እጅሽ ላይ የሚወድቅበት ሥራ ነው፤ እዚያ ከሁሉ በፊት የሚፈለገው የሚታመን ሰው ነው። ከመዝገብ ቤት ማኅተም ያለበት የፍርድ ግልባጭ አውጪ፣ ከመቀጮው ደረሰኝ ጋር አያይዢው። የአገር ሽማግሌዎቹ አበጋሮች ሲያስታርቋችሁ የተጻፈችውንም ወረቀት ጨምሪበት። ሳይጠይቁሽ አትዘርዝሪ፣ ሲጠይቁሽ ግን ወረቀቱን ራስሽ አውጥተሽ ስጪ።

ሌላም ነገር አለ። አንድ የሕግ ሰው ወዳጄን ጠይቄ ነበር። የወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ መሰየም የሚባል ነገር አለው። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከጨረሰ 5 ዓመት፣ እንዳንቺ ቀላል የሆነበት ደግሞ 2 ዓመት ሲሞላው፣ በመልካም ጠባይ ከቆየና የተፈረደበትን ካሳ ከከፈለ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ሲፈቀድለት ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዝና ለወደፊቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ያንን ነገር በክፋት እያነሳ የሚሰድብሽ ሰው ቢኖር በስም ማጥፋት ይጠየቃል፣ «እውነት እኮ ነው» ማለቱም አያድነውም አለኝ። ይህችን ስሰማ ያቺ የሰፈርሽ ወሬኛ ትዝ አለችኝ። አንቺ መቀጮውን ከከፈልሽ ዓመት ከመንፈቅ አልፎሻል። ትምህርቱን ብትጀምሪ ሳትጨርሺው ጊዜው ይሞላልሻል።

እንግዲህ ፋይሉ ይኸው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።

ከደሴ ኮምቦልቻ በሚያወርደው በሐረጎ ጠመዝማዛ ስንት ዘመን እንደወጣሁና እንደወረድኩ ታውቂያለሽ። አንድ ቀን ፍሬን የበጠሰ ተሳቢ ተገልብጦ ደረስን። ሰዉ ረዳቱን ከጋቢና አውጥቶ ሁለቱ በእጁ፣ ሁለቱ በእግሩ ይዘው ወደ አይሱዙ ሊወረውሩት ነው፣ አንገቱ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከሚኒባስ አንዲት ነርስ ወረደች። «አስቀምጡት!» አለች። አንዱን ጎረምሳ በጉልበቱ አንበርክካ የልጁን ራስ በሁለት እጁ ግራና ቀኝ አስያዘችው፣ ንቅንቅ እንዳትል አለችው። ሻሿን ፈትታ አጠፈችና ደም የሚተኮሰው ጭኑ ላይ አድርጋ ክብደቷን ሙሉ ጣለችበት። ደሙ ሲያርሰው አላነሳችውም፣ የሌላ ሰው ፎጣ ደረበችበትና መጫኗን ቀጠለች። ሰዉ ዙሪያዋን ይጮሃል፣ «ልትገይው ነው ወይ፣ ይጫን!» ይላል። አንዱ ትከሻዋን ገፈተራት። ከአፉ የወጣውን ስድብ አልጽፍልሽም። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም፣ «አንተ ጠንካራ ነህ፣ በር የሚያህል ጣውላ ፈልግልኝ» አለችው። ሄዶ አመጣ።

እኔ ብሆን በቡጢ ነበር የምለው። አንቺም የእኔ ልጅ ነሽ። የድንገተኛ ሠራተኛ የሚደርሰው ሰው ከአቅሉ በወጣበት ሰዓት ነው፤ እናት ፀጉሯን ትነጫለች፣ ወንድም «ለምን ዘገያችሁ» ብሎ አምቡላንሱን በድንጋይ ይላል። በቧንቧ ተራ የተነሳ እጅ እዚያ ምን ያደርጋል? ይህን ልትመልሺልኝ አይገባም፣ ሞክረሽ እዪው እንጂ። ኮሌጅ ከመግባትሽ በፊት ቀይ መስቀል ሄደሽ በጎ ፈቃደኛ ልሁን በዪ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣሉ። በአምቡላንስ ቁጥራቸው በ907 ሲደወል ከሚወጡት ሰዎች ጋር ተዋወቂ፣ ሰው ሲሰድባቸው ምን እንደሚሉ ጠይቂያቸው። ስድቡን ከቻልሽው ደሙን ትለምጂዋለሽ።

ትምህርቱን በተመለከተ ደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሬጅስትራሩ ጋ ራስሽ ቀርበሽ ጠይቂ፣ በሰው በሰው አትስሚ። ከትምህርቱ በኋላ ሲኦሲ የሚሉት የሙያ ብቃት ምዘና ፈተና እንዳለ አትርሺ። ሥራውም የመንግሥት ብቻ አይደለም። ክብረት አበበ የሚባለው የጥቁር አንበሳ የማደንዘዣ ባለሙያ ቤቱን ሸጦ አምቡላንስ ገዛና ጠብታ የሚባለውን የግል አምቡላንስ ድርጅት አቋቋመ፤ ያኔ ብዙ ሰው አብዷል ሳይለው አልቀረም።

ቅዳሜ ፈረቃ ከሌለሽ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረሽ ነይ፣ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ። የፍርድ ግልባጩን የምንጠይቅበትን ማመልከቻ አብረን እናረቃለን፣ ሰኞ ደግሞ ኮምቦልቻ ፍርድ ቤት አብሬሽ እወርዳለሁ። የመቀጮውን ደረሰኝ ጥለሽው ከሆነ ከወዲሁ ንገሪኝ፣ እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ የምንሄደው ሂሳብ ክፍል ነው።

አባትሽ
ከደሴ