«ለስፖርት ብቁ ነው» ያለው ማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የእህቴ ልጅ እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ በታዳጊዎች ፕሮጀክት ኳስ ይጫወታል። ለውድድር ሲመዘገብ «የጤና ማስረጃ አምጣ» ተባለና አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። ከፈልን። ዕድሜውን ጠየቁት። «ለስፖርት ብቁ ነው» የሚለው ወረቀት ላይ ማኅተም ተመታ። ማዳመጫው ከባለሙያው አንገት አልወረደም፤ ግፊቱን የለካውም የለም። ከኋላችን የተሰለፉት ልጆችም እንደዚያው ተሸኙ። የክሊኒኩን ስም አልጠራም፤ ሌላም ጋ ያው ነው ይላሉ ወላጆች።

አገራችን ውስጥ ቶንሲል በጊዜው ሳይታከም ቀርቶ የልብ ቫልቫቸው የተጎዳ ልጆች ብዙ ናቸው። ሩማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም ማለት ነው። ልጁን ስታዩት ደህና ነው፤ ይሮጣል፣ ይጫወታል። ጉዳቱ ከፍ ካለ ግን ልቡን አረጋግቶ ያዳመጠ ሐኪም ለየት ያለ ድምፅ ሊሰማ ይችላል። እርግጥ ማዳመጫ ሁሉን አይዝም። ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪየን ፎዬ በ2003 እ.ኤ.አ. ሊዮን ላይ እየተጫወተ ወድቆ ሲሞት፣ የልብ ጡንቻው ከልክ በላይ መወፈሩ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው። ጣልያን ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውድድር የሚቀርብ ስፖርተኛ አስቀድሞ እንዲመረመር በሕግ ታስገድዳለች፤ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳየው ምርመራ፣ ኢሲጂም ይነሳል። እኛ ለታዳጊው ሁሉ ኢሲጂ እንበል ብንል አቅሙ ከየት ይመጣል? መጠየቅ ግን ገንዘብ አይፈልግም። ስትሮጥ ራስህን ስተህ ታውቃለህ? ደረትህን ይወጋሃል? ከቤተሰብህ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ አለ? «አዎ» ያለውን ወደ ሆስፒታል መላክ ነው።

የድሬ ፀሐይ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሰኔ ላይ ከ35 ዲግሪ ማለፉ ብርቅ አይደለም፤ እኛ ግጥሚያ የምንጠራው በ9 ሰዓት! ወደ 11 ሰዓት ቢገፋ ምን ነበረበት? አንዳንዱ ጎልማሳማ ከበርጫው ተነስቶ ነው ሜዳ የሚገባው። ጫት በራሱ የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል፤ አቦ ተው ብንለው ማን ይሰማል።

ተጫዋች ሲወድቅ የሚሆነውን አይቻለሁ። ሰው ይከበዋል። አንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል። ሌላው ስኳር በውኃ በጥብጦ አፉ ውስጥ ያንቆረቁራል፤ ራሱን የሳተ ሰው ሊታነቅ እንደሚችል የሚያስብ የለም። ከዚያ ባጃጅ። ሙቀት መትቶት መቀባዠር የጀመረ ሰው ግን መጀመሪያ እዚያው ጥላ ሥር ልብሱ ወልቆ በቀዝቃዛ ውኃ መቀዝቀዝ አለበት፤ ጉዞው ከዚያ በኋላ ነው። የማይተነፍስ ከሆነ ደግሞ የደረቱን መሃል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ጠንከር አድርጎ መጫን ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ላይ የዴንማርኩ ተጫዋች የክርስቲያን ኤሪክሰን ልብ ሲቆም ያተረፈው፣ ሜዳው ላይ ወዲያው ደረቱን መጫናቸውና የልብ ማስነሻ መሣሪያ ቅርብ መኖሩ ነው። የኛ ሰፈር ወጌሻ ቦርሳ ውስጥ ያለው ፋሻና የሚረጭ መድኃኒት ነው።

የከተማችን የስፖርትና የጤና ኃላፊዎች ከክረምቱ ውድድር በፊት ሁለት ነገር ቢያደርጉልን። ወጌሻዎችና አሰልጣኞች የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይውሰዱ፤ ቀይ መስቀል ይሰጣል። የምዝገባ ቅጹ ላይም የግፊትና የልብ ምት ቁጥር፣ ከመርማሪው ስምና ፊርማ ጋር፣ የሚሞላበት ቦታ ይኑር። ባዶውን የመጣ ቅጽ ማኅተም ቢኖረውም ይመለስ።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ