የሰማዩ ሒሳብ አላለቀም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ነው ያነበብኩት። አንድ ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የፕላኔቶች እንቅስቃሴ በኒውተን ዘመን ተፈትቶ ያለቀ፣ የቀረው የኮምፒውተር ስሌት ብቻ እንደሆነ አድርጋችሁ አቅርባችኋል። እኔ የሒሳብ ተመራማሪ ነኝ፤ የምሠራውም እዚሁ ባላለቀው ቦታ ላይ ነው።

ኒውተን የፈታው የሁለት አካላትን ጥያቄ ነው። ፀሐይና አንድ ፕላኔት ብቻ ቢኖሩ ምህዋሩ ሞላላ ነው፤ አለቀ። ሦስተኛ አካል ሲጨመር ግን ለሁሉም የሚያገለግል እንዲያ ያለ ቀላል ቀመር የለም።

ወደ ሰማይ አካላት ሜካኒክስ፣ ማለትም ወደ ፕላኔቶችና መሰል አካላት እንቅስቃሴ ጥናት፣ የገባሁት በቴሌስኮፕ ሳይሆን በዲፈረንሻል ኢኩዌሽን (ለውጥን በሚገልጹ የሒሳብ እኩልታዎች) በኩል ነው። ማስተርስ ስማር አማካሪዬ የፈረንሳዊውን የሒሳብ ሊቅ የአንሪ ፖይንካሬን ሥራ እንዳነብ አዘዙኝ። ፖይንካሬ መልሱን በቀመር ማሳደዱን ትቶ የእንቅስቃሴውን ቅርጽ ነበር ያጠናው። ዘዴው ደስ ይላል። ምህዋሩን የሚያቋርጥ ጠለል (ዝርግ ገጽ) በሐሳብህ ታስቀምጣለህ። አካሉ በዚያ ባለፈ ቁጥር አንድ ነጥብ ትመዘግባለህ። ነጥቦቹ በአንድ ለስላሳ መስመር ላይ ከተሰለፉ እንቅስቃሴው ሥርዓት አለው። እንዲሁ ከተበታተኑ ኬኦስ ውስጥ ገብተናል፤ ይኸውም የመነሻው ጥቂት ልዩነት ውሎ አድሮ ውጤቱን ፈጽሞ የሚቀይርበት እንቅስቃሴ ነው። ይህን ካየሁ በኋላ ወደ ዳይናሚካል ሲስተምስ፣ በጊዜ ሂደት የሚለዋወጡ ሥርዓቶችን ወደሚያጠናው የሒሳብ ዘርፍ፣ ጠቅልዬ ገባሁ።

ፖይንካሬም እዚህ የደረሰው በቀላሉ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1889 በዚሁ በሦስት አካላት ጥያቄ ላይ በሠራው ጽሑፍ በስዊድኑ ንጉሥ ኦስካር 2ኛ ስም የተዘጋጀውን ሽልማት አሸነፈ። ጽሑፉ ከታተመ በኋላ ግን ከባድ ስህተት እንዳለበት ራሱ ደረሰበት። እንደገና የማሳተሚያውን ወጪ ከኪሱ ከፈለ፤ ከሽልማቱ ገንዘብም ይበልጥ ነበር። በ1890 የወጣው የታረመው ሥራ ነው ለኬኦስ ጥናት በር የከፈተው። ተማሪዎቼ ይህን ታሪክ ሳይሰሙ እንዲመረቁ አልፈልግም።

ነገሩ የድሮ ታሪክ ብቻም አይደለም። በ1989 ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዣክ ላስካር የውስጠኞቹ ፕላኔቶች (ከሜርኩሪ እስከ ማርስ ያሉት) እንቅስቃሴ ኬኦስ እንዳለበት አሳየ። በ2009 ከባልደረባው ጋር 2,501 ስሌቶችን ሠርቶ፣ 1 በመቶ ያህሉ ላይ የሜርኩሪ ምህዋር ክፉኛ ሲለጠጥ አገኘ። ስሌቱ የሚሸፍነው የሚመጣውን 5 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ ማንም አይስጋ። በ2000 ደግሞ የሒሳብ ሊቃውንቱ ሼንሲኔር እና ሞንትጎመሪ እኩል መጠነ ቁስ ያላቸው ሦስት አካላት በ8 ቁጥር ቅርጽ እየተከታተሉ ሊዞሩ እንደሚችሉ አረጋገጡ። እንዲህ ያለ ውብ ነገር ከኒውተን በኋላ ያን ያህል ዘመን ተደብቆ መቆየቱ እስካሁን ይገርመኛል።

ዌብም ቢሆን ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ የሚዞረው ሚዛኑ በቀላሉ በሚዛባ ነጥብ ዙሪያ ነው። በየጊዜው ካልተስተካከለ ከመንገዱ ይወጣል። በጥቂት ነዳጅ እዚያ መቆየት የቻለው የዚያ ምህዋር ጂኦሜትሪ ጠንቅቆ ስለሚታወቅ ነው።

ሕዋን የሚወድ ወጣት ሁሉ ምርጫው መሐንዲስነት ወይም ጠፈርተኝነት ብቻ እንዳይመስለው። ሊኒየር አልጀብራ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንና ቶፖሎጂን የመሳሰሉ የሒሳብ ዘርፎችን በደንብ የያዘ ሰው በዚህም በር ይገባል። በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ይህንንም ብትነግሯቸው ደስ ይለኛል። ከፈለጋችሁ ዝርዝሩን እኔው እጽፍላችኋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የሒሳብ ተመራማሪ